«ስምህ ማነው? ምን ትፈልጋለህ?»፦ የጎንደር የዛር ቤትና የሴቶች ጭንቀት

በ1924 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገባ። ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እያቋረጠ ጅቡቲ ሊወርድ ያለ፣ በማርሴል ግሪዮል የሚመራ ቡድን ነው። ያረፈው በጣልያን ቆንስላ ግቢ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ ይባላል፤ ዕድሜው 31፣ ሥራው የቡድኑን ውሎ መመዝገብ። ይህ ሰው የመጣው አፍሪካን ለማጥናት ብቻ አልነበረም። ፓሪስ ሳለ ትካዜ ተጭኖት፣ መጻፍ ተስኖት፣ አድሪየን ቦሬል ከሚባል ሐኪም ዘንድ በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ሲከታተል ቆይቷል። ጉዞው ለራሱም ይበጀዋል ተብሎ ነው ሻንጣውን ያነሣው።

ጎንደር ላይ ወይዘሮ መልካም አየሁ የሚባሉ አሮጊት አገኘ። መልካም አየሁ በከተማው ስማቸው የተጠራ ባለ ዛር ነበሩ። ሌሪስ እስከ ኅዳር ድረስ ከቤታቸው አልጠፋም። አጠገቡ ደግሞ አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሲያስተረጉሙ ብቻ አልዋሉም፤ ሴቶቹ የሚናገሩትን፣ የሚዘፍኑትን፣ የሚፎክሩትን በየደብተሩ በራሳቸው እጅ ያሰፍሩ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ዕጣኑ በሚጨስበት፣ ቡናው በሚፈላበት፣ ጫቱ በሚቀርብበት፣ ከበሮው እስከ ሌሊት በሚመታበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ያዩትን ጻፉ። አንዷ ሴት አንገቷን እያዞረች፣ ጸጉሯን እየበተነች፣ ደረቷን ወደፊትና ወደኋላ እየወዘወዘች «ጉሪ» ስትመታ፣ ሌሎቹ በጭብጨባ ሲያጅቧት፣ ከዚያ ዛሩ በአንደበቷ ሲፎክር፣ ማንነቱን ሲናገር፣ ውዝዋዜው ሲበርድ ሴትዮዋ ላቧን ጠርጋ ቡናዋን ስትጠጣ አዩ።

ስለዚሁ ቡድን የምናውቀው ሌላ ነገር አለ፤ ጎንደሬ ሆኜ ዘልዬው ማለፍ አይሆንልኝም። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ጥንታዊ ሥዕሎች ነቅለው፣ በምትካቸው በአዲስ ቀለም የተሠሩ ግልባጮች አድርገው፣ ዋናዎቹን ፓሪስ ወስደዋል። እስከ ዛሬም እዚያው ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ይህን ያደረገ ቡድን ስለ እኛ ሴቶች የጻፈውን በጥንቃቄ ነው የማነበው። ሆኖም ከዚያ ዘመን በፊት የዛር ቤትን ውስጡን፣ የሴቶቹን ስምና ጠባይ፣ የዕለት ጭቅጭቃቸውን ሳይቀር፣ እንዲህ ቀርቦ የመዘገበ ሰው አላገኘሁም።

እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ጎንደር ተወልጄ አድጌ፣ አሁን አዲስ አበባ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ እጾማለሁ፣ ዛር የሚባለውን ነገር በሃይማኖቴ አላመልክም፣ ማንንም ወደዚያ አልልክም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምለው ዛርን ለማወደስ እንዳይመስል ነው። ጉዳዬ ከሴቶቹ ጋር ነው። ሐኪም ሳይኖር፣ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ የአያቶቻችን እናቶች ሕመማቸውን ይዘው የት ይሄዱ ነበር? ማን ያደምጣቸው ነበር? ምንስ ይደረግላቸው ነበር? መልሱ ለብዙዎቹ የዛር ቤት ነው፤ ያን ቤት ደግሞ ያቋቋሙትም፣ የሚያስተዳድሩትም፣ የሚያገለግሉበትም በአብዛኛው ራሳቸው ታመው የተነሡ ሴቶች ነበሩ።

ባለ ዛሮቹ የሚያወሩት ታሪክ እንዲህ ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆቿን ሊጎበኝ ሲመጣ ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ 15ቱን መልከ መልካሞች ደበቀቻቸው። የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ ተባለ፤ ዛሮች ከእነሱ ተወለዱ። እንግዲህ ዛርና ሰው የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የማይታዩት ወንድሞች ደግሞ በሚታዩት ይቀናሉ፣ ይወዷቸዋልም፣ ይጋልቧቸዋልም። የተያዘችዋ ሴት የዛሩ ፈረስ ትባላለች። የዛሮቹ ዓለም እንደ ሰዉ ዓለም ነው፦ ጌታ አለው፣ ሎሌ አለው፣ ክርስቲያኑ አለ፣ እስላሙ አለ፣ ጦረኛው አለ፣ መራቂው አለ። በመልካም አየሁ ላይ ብቻ፣ አባ ዮሴፍና አባ ቆስቆስ ከሚባሉት ጀምሮ፣ ብዙ ዛሮች ይፈራረቁ ነበር። ሌሪስን ያስገረመው ይህ ነው። አሮጊቷ እንደ ጉዳዩ ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ሲያዙ አንዱ፣ ሲመርቁ ሌላው፣ ሲቆጡ ሦስተኛው ነው። የለበጣ ትወና ነው እንዳይል ላባቸውንና ድካማቸውን ያያል፤ ትወና የለበትም እንዳይል ደግሞ መቼ ማን እንደሚመጣ ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት አለው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ስለ ጎንደር ዛር ባሳተመው መጽሐፍ የደረሰበት ሐሳብ ይኸው ነው፦ በተመልካች ፊት የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ቲያትር።

የእኔን ዓይን የሚይዘው ግን ከበሮው አይደለም፤ ሕመምተኛዋ መጀመሪያ ስትመጣ የሚደረገው ነው። የምትመጣዋን ሴት እኔም አውቃታለሁ፤ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ልጅ የሞተባት፣ ከወሊድ በኋላ አልነሣ ያለች፣ አለ ምክንያት ልቧ የሚደልቅ፣ እህል አልቀምስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትተኛ፣ ወገቤን፣ ራሴን፣ ሆዴን እያለች ሁሉን የምትዞር፣ «ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ» የምትል ናት። ዘመዶቿ ባለ ዛሯ ፊት ያስቀምጧታል። ዕጣን ይጨስላታል፣ ቡና ይፈላል፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። ባለ ዛሯ ሴትዮዋን ሳይሆን ያደረባትን ትጠይቃለች። «ስምህ ማነው? ከየት መጣህ? መቼ ያዝካት? ምን በደለችህ? ምን ትፈልጋለህ?» መልሱ ባንድ ቀን አይመጣም። ዛር እልኸኛ ነው፣ ይዋሻል፣ ሌላ ስም ይሰጣል፣ ዝም ይላል። ባለ ዛሯ ታባብላለች፣ ትገሥጻለች፣ ትሸነግላለች። በመጨረሻ አፏን ዘግታ የከረመችው ሴት አፏን ትከፍታለች፤ የምትናገረው ግን እሷ አይደለችም።

ከዚያ ጥያቄው ይዘረዘራል። ዶሮ ይላል፤ ዶሮውም ዝም ብሎ ዶሮ አይደለም፣ ገብስማ ወይም ቀይ ወይም ነጭ አውራ ተብሎ ይታዘዛል። የብር ቀለበት ይላል። ጥለቱ እንዲህ የሆነ ኩታ ይላል። ሽቱ ይላል። በየወሩ በዚህ ቀን ቡና ይፈላልኝ ይላል። ይህን የሚያቀርበው ማነው? ባል፣ ወንድም፣ አባት። እነሱም እምቢ የሚሉበት መንገድ ጠባብ ነው። ለሚስቱ አልገዛም ያለ ባል ለዛሯ ይገዛል፤ ካልገዛ ትታመምበታለች፣ ብሎም ትሞትበታለች።

አያቴ ስትሞት ሳጥኗን የከፈተችው አክስቴ ነበረች። ቆላ አደስና የዕጣን ሽታ ከሳጥኑ ወጣ። ከቀሚሶቿና ከነጠላዋ በታች፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ነበር። አክስቴ ስትፈታው በአያቴ ጣት ላይ አይተነው የማናውቀው ወፍራም የብር ቀለበት፣ የወንድ እጀ ጠባብ፣ እጀታው በቀይ ክር የተጠመጠመ አጭር አለንጋ ወጣ። እጀ ጠባቡ የአያቴን ቁመት የሚያህል ነው፤ የወንድ አያታችንን ትከሻ ሊያስገባ አይችልም። የአንገቱ ዙሪያ በላብ ወይቧል። «የማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ አክስቴ «የእሷ አይደለም እኮ፣ የሱ ነው» አለችኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም። እናቴ ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችውና አማተበች።

ታሪኩን ከአክስቴ አፍ ለማውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። አያቴ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ተከታትለው ሞቱባት። ሦስተኛውን ከወለደች በኋላ ልጁን አላጠባም አለች፤ ማልቀስ እንኳ ተወች። ባለ ዛር ቤት ይዛት የሄደችው አማቷ ናት። ዛሩ ስሙን ሲናገር የጠየቀው ቀለበቱን፣ እጀ ጠባቡን፣ አለንጋውን፣ በየዓመቱ አንድ ቀይ ዶሮ፣ ከዚያም «እስከ ጥምቀት ውሃ እንዳትቀዳ፣ እንስራ ጀርባዋን እንዳይነካ» የሚል ነበር። ጊዜው ኅዳር ነበር። ጉድጓዱ ከቤታቸው ሩቅ ነው፤ ዳገቱን እኔም አውቀዋለሁ። አያቴ አራስ ናት፣ ሁለት ልጅ ቀብራለች፣ ያንን ዳገት እንስራ ተሸክማ መውጣት አልቻለችም፤ አልችልም ብትል ግን ማን ይሰማታል? ዛሩ አለላት። እስከ ጥምቀት ውሃ የቀዱት የአማቷ ልጆች ናቸው።

ሌላም አለ። ወንድ አያታችን በመሬት ክርክር ዕዳ በገባ ጊዜ ከቤት ያልሸጠው ነገር አልነበረም፤ ጌጧን ሁሉ ሸጧል፣ የጥሎሿን ጭምር። ቀለበቱን ግን አልነካም። የዛር ዕቃ የሚነካ ወንድ በአገራቸው አልነበረም። በዚያ ቤት ውስጥ ባል የማይሸጠው፣ ወራሽ የማይከፋፈለው፣ ከአያቴ እጅ ማንም የማይወስደው ንብረት ያ ቀለበት ብቻ ነበር፤ እሱም የሷ ስላልሆነ ነው።

አያቴ ዳነች ወይ ብዬ ጠይቄአለሁ። አክስቴ የነገረችኝ ይህን ነው፦ ተነሣች፣ ልጁን አጠባች፣ እንጀራ ጋገረች። ክረምት በገባ ቁጥር ግን ተመልሶ ይመጣባት ነበር። ሲመጣባት የምትሄድበትን ቤት ታውቃለች፣ ቤቱም ያውቃታል፤ ሄዳ ታድራለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ለአዲስ ሕመምተኛ ታጨበጭባለች፣ ከዚያ ትመለሳለች።

ይህን የመጨረሻውን ነገር አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ በደንብ አስተውሎታል። ሳይመን ሜሲንግ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ዛር ባወጣው ጽሑፍ የዛር ቤቱን የቡድን ሕክምና ብሎ ጠራው። እንደ እሱ አባባል የተያዘችዋ ሴት ታክማ አትሰናበትም፤ በማኅበሩ ዕድሜ ልኳን አባል ሆና ትመዘገባለች። ሕመሟን የሚያውቁ፣ ያንኑ ሕመም የቀመሱ ሴቶች በዙሪያዋ ይኖራሉ። ሐኪሟም ራሷ የተያዘች ናት። ሜሲንግ ይህን በጻፈበት ጊዜ በአገሩ ተመሳሳይ ነገር አዲስ ግኝት ነበር። አብርሃም ሎው የተባለ ሐኪም ቺካጎ ላይ ከሆስፒታል የወጡ ሕመምተኞች በየሳምንቱ እየተገናኙ ፍርሃታቸውንና ትካዜያቸውን እርስ በርስ የሚረዳዱበትን ማኅበር የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ሌሪስ መልካም አየሁ ቤት ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ያ ማኅበር ሊመሠረት ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። የጎንደሩ ቤት መቼ እንደተጀመረ ደግሞ ማንም ቀን አይቆርጥለትም።

ከዚህ በኋላ ከመጡት ሊቃውንት መካከል ስሙ የገነነው ብሪታንያዊው አይ. ኤም. ሉዊስ ነው። እሱ ሶማሌዎች ዘንድ ያለውን ተመሳሳይ ልማድ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መንፈስ መያዝ የተጨቆኑ ሴቶች ወንዶችን የሚያስገድዱበት ዘዴ ነው አለ። ቀለበቱን፣ ኩታውን፣ የባልን መገደድ አይቷል፤ ልክ ነው። ግን አባባሉ ያሳዝነኛል። አያቴ ልጇን አላጠባም ያለችው ቀለበት ፈልጋ አልነበረም። «ዘዴ» የሚለው ቃል አስቀድሞ ያሰበች፣ አስልታ የተኛች ሴት ያሳያል። እኔ በየቀኑ የማያት ሴት አስልታ አትተኛም። መጀመሪያ ሕመሙ አለ፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ አጥንት ውስጥ ይገባል። የዛር ቤቱ ያደረገው ለዚያ ሕመም አንደበት መስጠት ነው፣ ከዚያም በአንደበቱ የተነገረውን ቤተሰቡ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ስለ ሰሜን ሱዳን ሴቶች የጻፈችው ጃኒስ ቦዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ለዚህ ሐሳብ ከሉዊስ ይልቅ ትቀርባለች፤ ሴቶቹ በዛር በኩል ስለ ራሳቸው ማሰብ የሚችሉበትን ርቀት ያገኛሉ ትላለች።

ስለ ጉዳቱም እውነቱን መናገር አለብኝ። ድሃ ቤት በዛር ዕዳ ይወድቃል። በግ፣ ዶሮ፣ ሽቱ፣ ጫት፣ ቡና፣ ዓመት በዓመት ነው። ስግብግብ ባለ ዛር ሕመምተኛዋን ገረድ ታደርጋታለች፤ ዕዳዋን መክፈል ያልቻለች በጉልበቷ ስትከፍል ትኖራለች። የሚጥል በሽታ ያለባት፣ አእምሮዋ የታወከ፣ ራሷን ልታጠፋ የቆረጠች ሴት ሕክምና ማግኘት ሲገባት ከበሮ ሲመታላት ትከርማለች፤ እንዲህ ሆና ዘግይታ የደረሰችን አይቻለሁ። ደግሞም ሴትዮዋ የፈለገችውን በራሷ አፍ ስትናገር ማንም አልሰማትም፤ የተሰማው ዛሩ ነው። ቤቱ ሸክሟን ቀነሰላት እንጂ ሸክሙን የጫነባትን ሥርዓት አልነካም።

ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ዛርን ታወግዛለች፤ የሷ መንገድ ጠበል ነው። ጠበል ላይም ያው ጥያቄ አለ። ካህኑ መስቀሉን ይዞ «ስምህ ማነው? መቼ ያዝካት? በምን አገኘሃት?» ይላል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ባለ ዛሯ ትደራደራለች፣ ካህኑ ያስወጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወሊሶ፣ ያኔ ግዮን በምትባለው ከተማ፣ ወደ መምህር ወልደ ትንሣኤ ከየአገሩ ይጎርፍ የነበረው ሕዝብ ለዚህ ምስክር ነው። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊልና ጓደኞቹ ሄደው አይተው እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፈውበታል። ጠበል ሄጄ የማየው አንድ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፦ ሴቶች ለሱባዔ ሲገቡ አንድ ጎጆ ተከራይተው ለአራትና ለአምስት ያድራሉ። ቆሎ ይካፈላሉ፣ የደከመችዋን ደግፈው ያስጠምቃሉ፣ ማታ ማታ ያወራሉ። ቤቷ ተመልሳ «ተሻለኝ» የምትል ሴት ከጠበሉ ሌላ ያንን ጎጆም ይዛ ትመለሳለች ብዬ አምናለሁ።

የዛር ቤት ከኢትዮጵያ ወጥቶም ሩቅ ሄዷል። አጥኚዎች እንደሚሉት በባርነት የተሸጡ ሴቶች ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ወደ ዓረብ አገር ይዘውት ሄደዋል። ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮኔ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ ላይ የከተማዋ ሴቶች ዛር ሲያወርዱ አግኝቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲሄዱ አብሯቸው ሄደ፤ እዚያ ያሉ የአእምሮ ሐኪሞች «ዛር አለብኝ» የምትል ሴት ስትመጣባቸው በሽታ ነው ወይስ ባህል እያሉ ጽፈውበታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ዛርን ከየባህሉ የተለዩ ሕመሞች ዝርዝር ላይ አስገባው። ይህ ዝርዝር ቅር ያሰኘኛል። ሕመሙን መዘገቡ፤ ቤቱን፣ ማኅበሩን፣ ጥያቄውን አልመዘገቡም። ሴትዮዋ ይዛ የመጣችው ሕመም የትም አገር ያለ ትካዜና ጭንቀት ነው፤ የእኛ የሆነው መቀበያው ነው።

ስለ ሌሪስ አንድ ነገር ልጨምር። እሱ ራሱ ሕመምተኛ እንደነበረ ተናግሬአለሁ። በጎንደር ማስታወሻው ውስጥ፣ የተያዙትን ከማጥናት ይልቅ ራሱ ቢያዝ እንደሚመርጥ ጽፏል። የመልካም አየሁን ልጅ እማዋይሽንም ወደዳት፤ ግን እንደ ጻፈው ዳር ቆሞ ቀረ። ደብተር የያዘ ሰው ጉሪ አይመታም። ፓሪስ ሲመለስ ወደ ሐኪሙ ወደ ቦሬል ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1957 ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ተረፈ፤ የዛር መጽሐፉን ያወጣው በዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላም እየጻፈ እስከ 1990 ኖሯል። መጽሐፉን ሳነብ የማስበው በዚያ ክረምት መልካም አየሁ ቤት ከነበሩት ሁሉ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቀው አጥቶ የወጣው እሱ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ ነው።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ እኛ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በጣልያን ወረራ ጊዜ ሲሆን ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ እኔም የዚያ ፍሬ ነኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው፤ ይህም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። መድኃኒቱ ሰው ያድናል። በድብርት ራሱን ሊያጠፋ የነበረ ሰው በወራት ውስጥ ልጁን ይዞ ሊያመሰግነኝ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ይህን የሚያህል ደስታ የለም።

የሚጎድለን ሌላ ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ወደ አማርኛ ተመልሶ በቡታጅራና በሌላም ቦታ ብዙ የተሠራበት፣ ሃያ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ራስሽን ያምሻል? እንቅልፍ ይነሣሻል ወይ? በቀላሉ ትደነግጫለሽ? እጅሽ ይንቀጠቀጣል? ከወትሮው ይልቅ ታለቅሻለሽ? ለምንም አልረባም ትያለሽ? መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል? መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ጥሩ መጠይቅ ነው፤ ሕመሙን ይለያል፤ ባይኖር ብዙ ሴቶች በራስ ምታት ክኒን ይሸኙ ነበር። ከሃያው አንዱም ግን ምን ትፈልጊያለሽ አይልም። ለዓመታት ስሞላው ኖሬ ይህን ያየሁት የመልካም አየሁን ቤት ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ጠያቂው የግድ ሐኪም መሆን እንደሌለበት ሐራሬ አሳይታናለች። ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ምባሬ በሚባለው ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። «ብዙ ማሰብ» የያዘው ሰው መጥቶ ከአያቲቱ ጎን ይቀመጣል፤ ችግሩን ይዘረዝራል፣ አንዱን ይመርጣል፣ ምን ሊደረግ እንደሚቻል አብረው ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ይህ አሠራር ከተለመደው ክትትል በግልጽ ተሽሎ ተገኝቷል። ይህን ሳነብ ፈገግ ያሰኘኝ፣ አያቶቹን የመረጧቸው ሌላ ባለሙያ ስላልነበረ መሆኑ ነው። ጎንደርም ሌላ ባለሙያ አልነበረም።

አሁን ጤና ጣቢያችን ውስጥ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሴቶች የሚሰበሰቡበት ክፍል አለን። ቡናውን በተራ የሚያፈሉት ራሳቸው ናቸው። ቆየት ያሉት አዲስ የመጣችዋን ይቀበላሉ። መጠይቁን ከሞላሁ በኋላ ሃያ አንደኛውን በቃሌ እጠይቃለሁ፤ «እሺ እህቴ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» እላለሁ። አብዛኞቹ መጀመሪያ «ምንም» ይላሉ፣ ወይም «ልጆቼ እንዲያድጉልኝ» ይላሉ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ከቆዩት ሴቶች አንዷ ትነግራታለች፤ «ለልጆችሽ አልጠየቀችሽም፣ ላንቺ ነው» ትላታለች። አንዳንዴ በዚያው ቀን፣ አንዳንዴ በወሩ መልሱ ይመጣል። አንዷ ሌሊት ሕፃኑን ተራ የሚይዝላት ሰው ፈለገች። አንዷ ወንድሟ የተቀበረበትን ቦታ ማየት ፈለገች፤ ዓረብ አገር ሆና ሳለ ነው የሞተው። አንዷ ከባልትና ንግዷ የምታገኘው ገንዘብ በራሷ ስም ባንክ እንዲገባ ፈለገች፤ ለባሏ መንገሩ አስፈርቷት ነበር። ሁለት ሴቶች አብረዋት ሊሄዱ ተስማሙ፤ እኔም ባልየው በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሯት እንዲመጣ ደብዳቤ ጻፍኩ። ባልየው መጣ። ክፍሉ ውስጥ የተነጋገሩት ረጅም ነበር፤ የባንክ ደብተሩ በስሟ ወጥቷል፤ መድኃኒቷንም አላቋረጠችም።